በዲጂታል ድምፅ መቀበያ ላይ ያሉት ሞዶች፦ ማሳያው «ፒ25» ብሎ ጽፎ ሬዲዮው ለምን ዝም ይላል?

የማታ አድማጭ (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ ሬዲዮ መከታተል የጀመርኩት በልጅነቴ አባቴ የሬዲዮውን ቁልፍ ቀስ እያለ ሲያዞር አጠገቡ ተቀምጬ ነው። በዚያ ሬዲዮ ላይ የነበረው ምርጫ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ ብቻ ስለነበረ ግራ የሚያጋባ ነገር አልነበረውም።

ባለፈው ወር ያገለገለ ኤአር-ዲቪ1 የተባለ የጃፓን መቀበያ ከአንድ ግለሰብ ገዛሁ። ከ100 ኪሎ ኸርዝ እስከ 1300 ሜጋ ኸርዝ የሚቀበል የጠረጴዛ ሬዲዮ ሲሆን፣ ሻጩ መመሪያውን ጠፍቶብኛል ብሎ ስላልሰጠኝ የምማረው ቁልፎቹን እየነካካሁ ነው። የሞድ ምርጫውን ስከፍት ኤፍኤም፣ ኤኤም፣ ኤስኤኤች፣ ኤስኤኤል፣ ዩኤስቢ፣ ኤልኤስቢ፣ ሲደብሊው የሚሉ ስሞች ይመጣሉ፤ ከእነዚህ ሌላ ዲ-ስታር፣ ያኤሱ፣ ዲኤምአር፣ ዲፒኤምአር፣ ኤንኤክስዲኤን፣ ፒ25 የሚሉ የዲጂታል ድምፅ ሥርዓቶች ስሞች አሉ። «አውቶ» የሚል ምርጫም ስላለ፣ ሁሉን ለእሱ ትቼ ማዳመጥ እችላለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። በ850 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ሌት ተቀን የማያቋርጥ፣ እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጉረመርም ድምፅ አገኘሁ። አውቶ ላይ ሳደርገው ማሳያው «ፒ25» ብሎ ይጽፋል፣ ነገር ግን አንድም የሰው ቃል አልሰማሁበትም። በአማተሮች (ፈቃድ አውጥተው በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች) የ440 ሜጋ ኸርዝ ክልል ደግሞ ዲኤምአር በጥሩ ሁኔታ ይሰማኛል፤ ሆኖም የተናጋሪው የመጀመሪያ ቃል ሁልጊዜ ይቆረጥብኛል። ከዚህም ሌላ በመስኮቴ ላይ ባለው ትንሽ አንቴና የኤፍኤም ሪፒተር (ንግግርን ተቀብሎ አጉልቶ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) እየተንሿሿም ቢሆን ሲሰማ፣ ዲጂታሉ ለአፍታ ጥርት ብሎ ይሰማና ድንገት ድርግም ይላል።

ጥያቄዬ እነዚህ ሞዶች የተለያዩ ሞገዶች ናቸው ወይስ አንድን ሞገድ የመስሚያ የተለያዩ መንገዶች ናቸው የሚል ነው። ሬዲዮው ስሙን ለይቶ ካወቀው፣ ድምፁን የማያሰማኝስ በምን ምክንያት ይሆን?

አምስት ኪሎ፦

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ለዓመታት የሚያድበሰብሰውን ነገር በግልጽ አንሥተውታልና። ችግሩ የሚጀምረው «ሞድ» የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ አራት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድነት ስለሚሸከም ነው፦ ሞገዱ መልእክቱን የሚሸከምበት መንገድ፣ ቁጥሮቹ የሚደረደሩበት ሥርዓት፣ ድምፁ ወደ ቁጥር የሚለወጥበት ዘዴ፣ እንዲሁም መልእክቱ የተቆለፈ ወይም ከቻናል ወደ ቻናል የሚዘዋወር መሆን አለመሆኑ። ማሳያው «ፒ25» ሲል የሚነግርዎ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ሬዲዮው ለየው ማለት ያሰማዋል ማለት አይደለም።

በአናሎጎቹ ልጀምር፤ እነሱን በጆሮ ያልለየ ሰው ዲጂታሉን አይለይምና። በኤኤም የሚለዋወጠው የሞገዱ ጉልበት ሲሆን በኤፍኤም የሚለዋወጠው ድግግሞሹ ነው። ነገ ጠዋት 120.1 ሜጋ ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በደለስ አየር ማረፊያ የማማው ቻናል ላይ፣ ሬዲዮዎን በኤፍኤም ያድርጉትና ያዳምጡ፤ ድምፁ የታፈነና የተዛባ ይሆናል። ወደ ኤኤም ሲቀይሩት ግን ወዲያው ይስተካከላል። አየር መንገዶች እስከ ዛሬ ኤኤምን ያልተዉት ወግ አጥባቂ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ሁለት አብራሪዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ በኤኤም የሁለቱ መጋጨት እንደ ፉጨት ስለሚሰማ ተቆጣጣሪው ሁለት ሰው እንደተናገረ ያውቃል። በኤፍኤም ቢሆን ጉልበተኛው ደካማውን ሙሉ በሙሉ ስለሚውጠው፣ የተዋጠው አብራሪ መኖሩ እንኳ አይታወቅም ነበር። ዕድል ከቀናዎ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን «ኢትዮጵያን 500» ሲያርፍ በዚሁ ቻናል ይሰሙታል።

ዩኤስቢና ኤልኤስቢ (ከኮምፒውተር ገመዱ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም) ኤኤም ከሚልካቸው ሁለት ጎኖች (ከመሃለኛው ተሸካሚ ሞገድ በታችና በላይ ከሚገኙት የድምፁ ቅጂዎች) አንዱን ብቻ የሚልኩ ናቸው። በሞድ ከተሳሳቱ ድምፁ ዳክዬ የሚንጫጫ ይመስላል። አማተሮች በልማድ ከ10 ሜጋ ኸርዝ በታች የታችኛውን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የላይኛውን ጎን ይጠቀማሉ። ሲደብሊው የሞርስ ኮድ ነው፤ ኤስኤኤልና ኤስኤኤች የኤኤም ረዳቶች ስለሆኑ ለአጭር ሞገድ ሰዎች እተዋቸዋለሁ።

ወደ ዲጂታሉ ስንመጣ፣ እርስዎ ከዘረዘሯቸው ውስጥ አብዛኞቹ በመሠረቱ በኤፍኤም ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ናቸው። ዲኤምአር፣ ፒ25፣ ኤንኤክስዲኤን፣ ዲፒኤምአርና የያኤሱው ሥርዓት ድግግሞሹን ከአራት ደረጃዎች በአንዱ ላይ እያስቀመጡ እያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ቢት (የ0 ወይም የ1 አኃዝ) እንዲሸከም ያደርጋሉ፤ ዲ-ስታር ደግሞ ሁለት ደረጃ ብቻ ይጠቀማል። በኤፍኤም ሞድ ሆነው ሲያዳምጧቸው እንደ ጩኸት የሚሰሙትም ለዚህ ነው። እኔ ለጀማሪ ሁልጊዜ የምመክረው አውቶን ለአንድ ሳምንት ረስቶ በኤፍኤም ብቻ ማዳመጥን ነው። አንድ የእጅ ሬዲዮ ያለ ሪፒተር በዲኤምአር ሲናገር እንደ ስፌት መኪና ይርገበገባል፤ ምክንያቱም የ12.5 ኪሎ ኸርዙ ቻናል በጊዜ ለሁለት ስለተከፈለ ሬዲዮው ለ30 ሚሊ ሰከንድ ተናግሮ ለ30 ሚሊ ሰከንድ ዝም ይላል። ፒ25 ደረጃ አንድ (በጊዜ ያልተከፈለው የፒ25 ዓይነት) ሳይቆራረጥ ያጉረመርማል። ዲ-ስታር ግን ባዶ ቻናል ላይ ከሚሰማው ሹሹታ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ምንም የለም ብሎ ያልፈዋል።

የመጀመሪያው ቃል የሚቆረጥብዎ ሬዲዮው ስለተበላሸ አይደለም። እያንዳንዱ ሥርዓት በቢቶቹ መካከል አስቀድሞ የታወቀ መለያ እየደጋገመ ይልካል፤ በዲኤምአርም በፒ25ም ይህ መለያ 48 ቢት ነው። መቀበያው ይህን መለያ እስኪያገኝ ድረስ የቃል መጀመሪያና መጨረሻ የት እንደሆነ አያውቅም። በዲኤምአር የድምፅ መለያው የሚመጣው በ360 ሚሊ ሰከንድ አንድ ጊዜ፣ በዲ-ስታር ደግሞ በ420 ሚሊ ሰከንድ አንድ ጊዜ በመሆኑ አንዱ ካመለጠ የሚቀጥለውን መጠበቅ ግድ ነው። በአውቶ ላይ ደግሞ የሁሉንም ሥርዓቶች መለያ ማመሳከር ስላለበት ይበልጥ ይዘገያል። ቻናሉ ዲኤምአር መሆኑን ካወቁ ሞዱን ዲኤምአር ላይ ቆልፈው በማስታወሻ ቻናል ያስቀምጡት፤ «ሰላም ለሁላችሁ» ከሚለው ውስጥ «ሰላም»ንም መስማት ይጀምራሉ።

ስለ ድምፁ ጥራትም አንድ ነገር ልጨምር። ዲኤምአርና ኤንኤክስዲኤን ድምፅን አምቤ በሚባል ኮዴክ (ድምፅን ወደ ጥቂት ቁጥሮች የሚለውጥ ዘዴ) ያምቃሉ፤ በዲኤምአር ለድምፁ ራሱ የሚቀረው በሰከንድ 2450 ቢት ሲሆን 1150 ቢት ደግሞ ለስህተት ማረሚያ ይውላል። ኮዴኩ የሚሠራው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ባለው ድምፅ ላይ ብቻ ስለሆነ «ሰ» እና «ፈ» የሚለዩበት ቀጭን ፉጨት ይቀራል። በእኛ የእሑድ ጨዋታ አንድ ወዳጃችን «አንቴናውን ወንድሜ ሠራው» ቢል ግማሾቻችን «ፈራው» ብለን ሰምተን ብዙ ስቀናል። ስለዚህ ንግግሩ ሲንሻፈፍ ወዲያው አንቴናዎን አይውቀሱ።

የማማው ሠራተኛ፦

አምስት ኪሎ ከእንጀራዬ ጋር የተያያዘውን ክፍል ስለተወልኝ አመሰግናለሁ። እኔ በመገናኛ ማማዎች ላይ በጥገና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና፣ በ850 ሜጋ ኸርዝ ስላገኙት «ወፍጮ ቤት» የምለው አለኝ።

እሱ የመቆጣጠሪያ ቻናል ነው። በአካባቢያችን ያሉት የፖሊስና የእሳት አደጋ ሥርዓቶች በአብዛኛው በ700 እና በ800 ሜጋ ኸርዝ ክልል የሚሠሩ፣ ቻናሎቻቸውን በጋራ የሚጠቀሙ ናቸው። የሜሪላንድ ግዛት አቀፍ ሥርዓትም ፒ25 ደረጃ ሁለት ሲሆን የሚሠራው በ700 ሜጋ ኸርዝ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት አንድ ቡድን የራሱ ቋሚ ቻናል የለውም። ፖሊሱ የመናገሪያውን ቁልፍ ሲጫን ሬዲዮው በመቆጣጠሪያው ቻናል በኩል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩም «ቡድን እገሌ ወደ ቻናል እገሌ ሂዱ» ብሎ በሰከንድ 9600 ቢት ያውጃል። ንግግሩ ሲያልቅ ቻናሉ ለሌላ ቡድን ይሰጣል። እርስዎ የሰሙት ይህንን አዋጅ ነው፤ በውስጡ ድምፅ ስለሌለ ሬዲዮው የሚያሰማው ነገር አያገኝም። «ፒ25» ብሎ መጻፉ ግን ትክክል ነው።

ታዲያ ድምፁ ያለባቸውን ሌሎቹን ቻናሎች ፈልጌ ለምን አላዳምጥም ቢሉ፣ ሁለት ነገሮች ያግድዎታል። በደረጃ ሁለት ሥርዓቶች የመቆጣጠሪያው ቻናል እንደ ደረጃ አንድ ሲሠራ፣ የድምፅ ቻናሎቹ ግን ለሁለት ተናጋሪ በጊዜ የተከፈሉና በሰከንድ 12000 ቢት የሚያስተላልፉ ናቸው። የእርስዎ መቀበያ የተሠራው ለደረጃ አንድ ስለሆነ አዋጁን ይለያል፤ ንግግሩን ግን ሊፈታው አይችልም። ደረጃ አንድ በሆነ ሥርዓት ላይ ቢሆን ኖሮም ንግግሩን ከቻናል ወደ ቻናል ተከትሎ የሚሄድ ሬዲዮ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ላለው ሥራ ለክትትል ተብለው የሚሠሩ ስካነሮች ስላሉ፣ ይህን ሬዲዮ ለማይችለው ነገር አያስጨንቁት።

ሁለተኛው እንቅፋት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አንድ አውራጃን ለመሸፈን አምስት ስድስት ማማዎች ያንኑ መልእክት በዚያው ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ ይልካሉ። ሬዲዮዎ ከሁለት ማማ እኩል ከሰማ፣ አንዱ ማማ በ10 ኪሎ ሜትር ቢርቅ መልእክቱ በ33 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። የአንዱ ምልክት ዕድሜ 208 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ይህ መዘግየት ደረጃዎቹን እርስ በርስ ያደበላልቃቸዋል። በማሳያው ላይ የጉልበት መለኪያው ሞልቶ እያዩ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሰውም ትልቅ አንቴና ይገዛና ጭራሽ ሩቅ ማማዎችን ጨምሮ ያብሰዋል። እኔ በቤቴ ያገኘሁት መፍትሔ ተቃራኒው ነው፦ ወደ አንድ ማማ ብቻ የሚያይ ትንሽ አቅጣጫ ያለው አንቴና ዝቅ አድርጎ መስቀል።

የመስኮቱ አንቴና ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ኤፍኤም ሲደክም ቀስ በቀስ ሹሹታ እየበዛበት ይሄዳል፤ ጆሮም ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ዲጂታል ግን የስህተት ማረሚያው እስከቻለ ድረስ ጉድለቱን ይሸፍንልዎታል፣ ከዚያ ካለፈ ምንም አያስቀርልዎትም። አንቴናውን ከመስኮቱ ብረት አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያርቁትና ለውጡን ይዩ።

የማታ አድማጭ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት አውቶን ትቼ ሦስት ምሽት በኤፍኤም ብቻ አዳመጥኩ። ለመለማመጃ የተጠቀምኩት ከማናሳስ የሚተላለፈውን፣ በ162.550 ሜጋ ኸርዝ ላይ ያለውን የአየር ጠባይ ጣቢያ ነው፤ ሌት ተቀን ስለሚናገር ለሙከራ ተስማሚ ሆኖ አገኘሁት። የማጣሪያውን ስፋት ወደ 6 ኪሎ ኸርዝ ሳጠበው ንግግሩ ጎላ ባለ ቁጥር ይሰነጣጠቃል፤ 15 ላይ ይስተካከላል፤ 200 ላይ ደግሞ ድምፁ አንሶ ሹሹታው ይበረታል። ስፋቱ ከሞዱ እኩል አስፈላጊ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ዲኤምአርን በስፌት መኪናነቱ ለየሁት፤ አንቴናውንም በመጥረጊያ እንጨት ላይ አስሬ ከመስኮቱ ሳርቀው ድርግም ማለቱ ቀረ።

ያልገባኝ አንድ ነገር በአንድ የዲኤምአር ሪፒተር ላይ ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች እየተቀላቀሉ መሰማታቸው ነው። እንደዚሁም የተቆለፈ መልእክት ሲሆን በምን ይታወቃል?

አምስት ኪሎ፦

ያ ሪፒተር በሁለቱም የጊዜ ክፍሎች ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በአንዱ ክፍል የአካባቢው ሰዎች ሲነጋገሩ፣ በሌላው ክፍል ከኢንተርኔት የመጣ ሩቅ አገር ጨዋታ ሊተላለፍ ይችላል፤ መቀበያው ሁለቱንም እንዲያሰማ ከተተወ ተራ በተራ ያቀርብልዎታል። አንዱን ክፍል ብቻ ይምረጡ። ከዚያ ውጭ የቀለም ኮድ የሚባል ከ0 እስከ 15 የሆነ ቁጥር አለ፤ ሥራው በአንድ ድግግሞሽ ላይ ያሉ ሁለት ሪፒተሮችን መለየት ነው። በፒ25 እና በኤንኤክስዲኤንም ስማቸው ይለይ እንጂ ለተመሳሳይ ሥራ የሚያገለግሉ ቁጥሮች አሉ።

የተቆለፈ መልእክት ሲሆን አንዳንዱ መቀበያ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ውኃ የሚጉመጠመጥ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። ቁልፉ ከሌለዎት የትኛውም ሞድ አይፈታውም፣ ለመፍታት መሞከርም አይገባም። በዚህ አገር በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤሌክትሮኒክ መገናኛዎች ምስጢራዊነት ሕግ የአማተሮችን፣ የአቪዬሽንንና ያልተቆለፉ የሕዝብ ደኅንነት ቻናሎችን ማዳመጥ ሲፈቅድ፣ የተቆለፈውንና የእጅ ስልክ ንግግርን ይከለክላል። ሬዲዮዎ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ከ824 እስከ 849 እና ከ869 እስከ 894 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል እንዳይቀበል የተዘጋውም በዚሁ ጉዳይ ነው። ለእረፍት ወደ አገር ቤት ይዤው እሄዳለሁ ካሉ ደግሞ ሻንጣዎን ከማሰርዎ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የሬዲዮ መሣሪያዎች ጉዳይ የእሱ ኃላፊነት ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ወንድሞቼ ዲጂታሉን በደንብ አብራርታችሁታልና እኔ የምጽፈው ስለተተዉት ስለ ኤስኤኤልና ኤስኤኤች ነው። ዋጋቸው የሚታወቀው ከአገር ቤት የሚመጣ ጣቢያ በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ፋና ለረጅም ዓመታት በሚታወቅበት 6110 ኪሎ ኸርዝ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ሲከፍት፣ እዚህ በበጋ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ በክረምት ደግሞ 4 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ያለው መንገድ በአብዛኛው ጨለማ ስለሆነ ሞገዱ ሊደርስ የሚችልበት ዕድል አለ። ነገር ግን የሚደርሰው በተለያየ መንገድ ተንጸባርቆ ስለሆነ አንዳንዴ ተሸካሚው ሞገድ ለብቻው ይከዳል፤ ያኔ በተራ ኤኤም ድምፁ ድንገት ይሻክርና እንደተቀደደ ድምፅ ማጉያ ይሆናል። ኤስኤኤልና ኤስኤኤች የከዳውን ተሸካሚ በሬዲዮው ውስጥ በሚፈጠር ሌላ ሞገድ ስለሚተኩት፣ ድምፁ ቢደክምም አይሻክርም። ከዚህ በተጨማሪ ኤስኤኤል የታችኛውን ጎን፣ ኤስኤኤች የላይኛውን ጎን ብቻ ስለሚወስድ፣ በ5 ኪሎ ኸርዝ ርቀት ጎረቤት የሆነ ጣቢያ በአንድ በኩል ሲረብሽዎ ወደ ሌላው ጎን ይሸሻሉ።

መጀመሪያ በኤኤም ያግኙት፣ የጣቢያውን ማዕከል በትክክል ይያዙ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ኤስኤኤል ይቀይሩ፤ ከማዕከሉ ርቀው ከቀየሩ ፉጨት ብቻ ነው የሚሰሙት። በመስኮት ያለው የአጭር ዘንግ አንቴናዎም ለ6 ሜጋ ኸርዝ ስለማይበቃ፣ አሥር ሜትር ያህል ሽቦ በበረንዳው ላይ ይዘርጉ። በሁለቱም ጎን እኩል የሚጮህ ጉርምርምታ ከሰሙ ጥፋቱ ከጣቢያው ላይሆን ይችላልና የስልክ ቻርጀሮችን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ በእኔ ቤት ጥፋተኛው ከምድጃው በላይ ያለው አምፖል ሆኖ ስለተገኘ፣ ፋናን የማዳምጠው ወጥ ቤቱን አጨልሜ ነው።